ስዋት ሞዴልን ቦርከና ወንዝ ላይ ሞከርኩት፦ ነፃ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ደሴን ግን አያውቃትም

ቶሎ መልስ ለምትፈልጉ መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፦ አውርዱት። ግን ያወጣላችሁን ካርታ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ "ጥናቱ አለቀ" እንዳትሉ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩበት እኛ ጋ ዳታ ስለሌለ ነው ማለትም የሱ ጥፋት አይደለም፣ ሙሉዋ አንዷ ኮከብ ግን የራሱ ጥፋት ናት፣ ወደታች ስንወርድ እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁት፣ ስዋት ማለት አንድን የወንዝ ተፋሰስ ኮምፒውተር ውስጥ ከቶ ዝናቡ የት ወረደ፣ የት ሰረገ፣ ምን ጠርጎ ሄደ፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ ስንት ደለልና ስንት የማዳበሪያ ትርፍ ይዞ ደረሰ ሚለውን በየቀኑ ሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። የሰሩት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ክፍልና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ ቴክሳስ ውስጥ ቴምፕል የምትባል ከተማ ላይ፣ ዋናው ሰውዬ ጄፍ አርኖልድ ይባላል፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ዋጋው ዜሮ። ላይሰንስ የለ፣ ክራክ መፈለግ የለ፣ ኮዱ ራሱ ክፍት ነው። ለኛ ሀገር ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ፕሮፌሽናል ሚባሉት ሞዴሎች ላይሰንሳቸው አንድ መስሪያ ቤት ባመት ለእስቴሽነሪ ሚመድበውን ይበላሉ።

ለምን አስፈለገኝ? እኛ ጋ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሚወርደው የቦርከና ወንዝ ተፋሰስ ላይ፣ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ዘመቻ አለ አይደል፣ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ጉልበቱ በነፃ ነው፣ እርከን ይሰራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጥሩ ስራ ነው፣ ማንም አይክድም፣ ደሴ ዙሪያ ተራሮቹ ላይ ያለውን እርከን ያየ ያውቀዋል። ግን እኔ እስካየሁት ድረስ ስራው ሚከፋፈለው በቀበሌ ነው፣ ለዚህኛው ይሄን ያህል ሄክታር ለዛኛው ይሄን ያህል፣ ሪፖርት ላይ እኩል እንዲመስል። ወንዙ ደሞ ቀበሌ ሚባል ነገር አያውቅም። የትም ሀገር ያሉ የተፋሰስ ጥናቶች ደጋግመው ሚያገኙት ነገር አብዛኛው ደለልና ፎስፈረስ (ያ የማዳበሪያ ትርፍ) ሚመጣው ከመላው መሬት ሳይሆን ከጥቂቱ መሆኑን ነው። ቤት ሲያፈስ ቆርቆሮውን ሁሉ ነው ምትቀይረው ወይስ ቀዳዳዋን ትፈልጋለህ? ስዋት ቀዳዳ ፈላጊ ነው በቃ፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

እና ይሄ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካኖቹ ቼሳፒክ ሚባለውን ባህረ ሰላጤያቸውን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ2010 ለ6 ክልሎችና ለዋሽንግተን ዲሲ የብክለት ኮታ ሲያከፋፍሉ፣ ናይትሮጅን በ25%፣ ፎስፈረስ በ24%፣ ደለል በ20% ቀንሱ ተብሎ፣ ማን ስንት ይቀንስ ሚለው የወጣው ከተፋሰስ ሞዴል ነው። ስዋት አልነበረም፣ ሌላ ሞዴል ነው፣ ሀሳቡ ግን ያው ነው። ለስዋት ደሞ ሀውክስ ሚባል ኦንላይን ገፅ አላቸው፣ ዳታው ሁሉ ቀድሞ ገብቶበት ወንዝህን መርጠህ መጫን ብቻ ነው ሚቀርህ። ለነሱ ሀገር ብቻ ነው ታዲያ። እኛ ከዜሮ እንጀምራለን።

ከዜሮ ስል ከመጫኑ ነው። የተጠቀምኩት ከኪው ጂ አይ ኤስ (ነፃ የካርታ ሶፍትዌር) ጋር ሚሰራውን ኪውስዋትን ነው (አርክ ጂ አይ ኤስ ያላችሁ አርክስዋት አለላችሁ)። የድሮው ስዋት 2012 ዳታቤዙን ሚያስቀምጠው በማይክሮሶፍት አክሰስ ስለሆነ ኦፊሳችሁ 32 ቢት ሆኖ ኪው ጂ አይ ኤሳችሁ 64 ከሆነ አይናበቡም፣ ኤረሩ ደሞ ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ቀይ ፅሁፍ ይደረድርባችኋል። ፎልደር ስም ላይ አማርኛም ክፍት ቦታም አትጠቀሙ። አዲሱ ስዋት ፕላስ ከዚ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፣ በአክሰስ ፋንታ ኤስኪውላይት ነው ሚጠቀመው፣ ሊኑክስና ማክ ላይም ይሰራል።

ከዛ ዳታ። ሞዴሉ 4 ነገር ይፈልጋል፣ የመሬት ከፍታ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ አፈር፣ አየር ንብረት። ሁሉም በነፃ ይገኛል፣ ሁሉም ደሞ እዚ እኛ ጋ ሲደርስ የራሱ በሽታ አለው።

ከፍታው ኤስ አር ቲ ኤም ነው፣ ኢንዴቨር ሚባለው ስፔስ ሸትል እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ላይ ሲዞር የለካው፣ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር። ደሴ ላይ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ጦሳን የመሰለ ተራራ በ30 ሜትር ፒክስል አይጠፋም፣ ዶሮ መዝለያ ላይ ወንዙ ገደል ገብቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ መስመሩን ፀጉር ስንጠቃ አድርጎ ነው ያወጣው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850፣ መሀላቸው በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይሄን ያህል ቁልቁለት ያለበት ቦታ ሞዴል አይሳሳትም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ይፈላል። መሬቱ ረባዳ ስለሆነ ጅረቱን በሌለበት ያስኬደዋል፣ መንገድና ቱቦ አያውቅም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፈበት ቦታ እዛ ዳታ ላይ ገና ማሳ ነው። መፍትሄው ትክክለኛውን የወንዝ መስመር ከሳተላይት ምስል ላይ በእጅ ስሎ ከፍታው ላይ ማስቆፈር ነው፣ ሞዴሉ ራሱ ይሄን አማራጭ ይሰጣል፣ ተጠቀሙበት።

የመሬት አጠቃቀሙን ከአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲው ወርልድ ከቨር ነው የወሰድኩት፣ የ2021ዱን፣ 10 ሜትር ነው፣ በጣም ያምራል። ችግሩ ባህር ዛፍና ደን አይለይም። "ዛፍ" ይላል በቃ። ስዋት ደሞ ዛፍ ሲባል ከስሩ ቅጠል የተነጠፈበት፣ ውሃ ሚመጥ፣ አፈር ሚይዝ ደን ነው ሚመስለው። ደሴ ዙሪያ ያለውን ባህር ዛፍ ስር ሄዳችሁ እዩት እስኪ፣ ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ተወስዶ መሬቱ እርቃኑን ነው፣ ሳር እንኳን የለ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደ አስፋልት ነው ሚያወርደው። ስለዚ ባህር ዛፉን ለይታችሁ የራሱን ኮድ ስጡትና የመሬት ሽፋን ቁጥሩን ከደን ወደ ተጋለጠ መሬት አስጠጉት፣ ይሄን ሳታደርጉ ከሮጣችሁ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ደስ ይላችኋል፣ ደስታው ግን ውሸት ነው።

አፈሩ ሶይልግሪድስ ነው፣ 250 ሜትር፣ ከሱ የተሻለ በነፃ የለም፣ አልፈዋለሁ። ዝናቡ ላይ ቺርፕስ ሚባል የሳተላይት ዝናብ ዳታ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በየቀኑ፣ በግምት በየ5 ኪሎ ሜትሩ። በጣም ጠቃሚ ነው ግን ዝናቡን ያለሳልሰዋል፣ ማለትም ያቺ ሀምሌ ላይ ከሰአት በኋላ ሰማዩ ተቀዶ በአንድ ሰአት ምትወርደዋን ዶፍ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ያከፋፍላታል። አፈር ሚወስደው ግን ያቺ ዶፍ ናት። ከጣቢያ የተለካ ዝናብ ማግኘት ከቻላችሁ (ኮምቦልቻ ጥሩ ጣቢያ አለ) እሱን አስቀድሙ፣ ቺርፕስን ለጎደለው ቦታ መሙያ አድርጉት።

አሁን ሞዴሉ እንዴት እንደሚያስብ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጥንካሬውም ድክመቱም እዚ ጋ ነው። ተፋሰሱን ወደ ትናንሽ ንኡስ ተፋሰሶች ይከፍላል፣ ከዛ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አይነት የመሬት አጠቃቀም፣ አንድ አይነት አፈር፣ አንድ አይነት ተዳፋት ያለውን አንድ ላይ ሰብስቦ ኤች አር ዩ ይለዋል። ስሌቱ ሚሰራው በሱ ነው። ቁጥራቸው እንዳይበዛ ከዚ በመቶ በታች የሆኑትን ጣላቸው ብለህ ገደብ ትሰጠዋለህ፣ ማኑዋሎቹም ሰውም ሁሉ 10%፣ 20% ምናምን ነው ሚያስገባው። እዚ ላይ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምክንያቱም ብክለት ላይ ገዳይ ሚሆኑት ብዙ ጊዜ ትናንሾቹ ናቸው፣ ወንዝ ዳር ያለች የጎመን ማሳ፣ ከብት ሚውልባት ሜዳ፣ የተቆረጠ ኮረብታ ጥግ፣ እነሱን ነው ገደቡ ሚሰርዛቸውና መሬታቸውን ለትልልቆቹ ሚያከፋፍለው። ቀዳዳ ፍለጋ ወጥተህ ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ ትደፍናቸዋለህ ማለት ነው። ገደቡን ዜሮ አድርጉት፣ ቢዘገይም ይዘግይ፣ የዛሬ ላፕቶፕ ይችለዋል።

እሺ፣ ሮጠ፣ ካርታው ወጣ። ወደ ኩታበር በኩል ያለው ቁልቁለትና የሀረጎ ወገብ ቀይ፣ መሀል መሀሉ ቢጫ፣ ረባዳው አረንጓዴ። ስታየው "ጎበዝ!" ያስብላል። ካርታውን ስልክ ላይ ጭኜ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ ጋር ወጣን፣ ቀይ ያለው ቦታ ላይ እውነትም አፈሩ አልቆ ድንጋዩ ፈጧል፣ እስማማለሁ። ቢጫ ካለው ቦታ አንዱ ላይ ግን ስንደርስ አንድ ሽማግሌ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው፣ ሰላምታ ተለዋውጠን ካርታውን አሳየናቸውና ይሄ ቦታ መካከለኛ ነው ይላል አልናቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ይሄን ቦረቦር አምና እኮ አህያ ይሻገረው ነበር" አሉና በያዙት ዘንግ የቦረቦሩን ከንፈር ነካ ሲያደርጉት አፈሩ ከነሳሩ ተገምሶ ወደ ታች ወረደ፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከላይ ቀና ስንል የመንገዱ የውሃ ቱቦ አፉን ልክ ማሳው ላይ ከፍቶ ተቀምጧል። የአንድ ኮረብታ ጎርፍ በሙሉ ተሰብስቦ በአንድ አፍ እዛ ላይ ይደፋል። "አባቴ መንገዱ ከመሰራቱ በፊትስ?" ስንላቸው "አብሽሩ፣ ያኔማ ውሃው ተበትኖ ነበር ሚሄድ" አሉ።

ቀደም ብዬ ያልኳችሁ አንዷ ኮከብ ይቺ ናት። ስዋት ቦረቦር አያውቅም። አፈር ሚያሰላበት ቀመር ከማሳ ላይ በስሱ ታጥቦ ሚሄደውን ነው ሚቆጥረው፣ መሰረቱ የአሜሪካኖቹ የአፈር መሸርሸር ቀመር ነው፣ እሱ ደሞ የተለካው 22.1 ሜትር ርዝመትና 9% ተዳፋት ያለው መደብ እንደ መለኪያ ተወስዶ ነው። 9%! እኛ ጋ 9% ሜዳ ነው፣ ኳስ ይጫወቱበታል። የተቦረቦረ መሬት፣ የተናደ ተራራ፣ የመንገድ ቱቦ የቆፈረው ጉድጓድ፣ እነዚ ሁሉ ከሂሳቡ ውጪ ናቸው፣ ደሴ አካባቢ ደሞ የወንዙን ደለል ቀላል ያልሆነ ድርሻ ሚያመጡት እነሱ ናቸው ብዬ ነው ማምነው፣ በእግሬ ካየሁት ተነስቼ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎርፉን ሚያሰላበት መንገድ ነው። ከርቭ ነምበር ሚባል ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ የአፈር ጥበቃ መስሪያ ቤት ያወጣው። ሀሳቡ በግርድፉ መሬቱ ሳይችል ሲቀር የተረፈው ይፈሳል ነው፣ ስለዚ ጥፋቱን ቶሎ ቁልቁለቱና የታረሰው መሬት ላይ ይደፋዋል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ታሞ ስቲንሀውስ ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው በሀገራችን ደጋ ላይ የሰሩትን ካነበባችሁ ግን ሌላ ነገር ነው ሚሉት፣ ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ዋናው ጎርፍ ሚነሳው ከስር ውሃ ከጠገበው ግርጌና አፈሩ አልቆ ከተራቆተው መሬት ነው፣ ጤነኛ አፈር ያለው ቁልቁለት ብዙውን ዝናብ ውጦ ከስር ለስር ወደ ታች ያስተላልፈዋል። ይሄን ካዩባቸው ቦታዎች አንዱ ደሞ የት መሰላችሁ፣ እዚሁ ደሴ አጠገብ ማይባር ነው! ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነበረው፣ 113 ሄክታር ገደማ ሚሆን ትንሽ ተፋሰስ፣ ዝናብና ጎርፍና ደለል እየተለካ የኖረበት። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የአሜሪካኑን የአፈር መሸርሸር ቀመር ለኢትዮጵያ ያስተካከለው ከእንደዚ አይነት ጣቢያዎች ልምድ ተነስቶ ነው። በአፍንጫችን ስር እንዲ ያለ ሀብት እያለ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው ነው ሚመረቀው፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ስለዚ ምን ላድርግ ካላችሁኝ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስዋት ደብሊው ቢ ሚባለውን የተሻሻለ ስሪት መፈለግ ነው፣ ከርቭ ነምበርን አውጥተው በውሃ ሚዛን የተኩበት። ሌላው ስዋት ፕላስን መጠቀም ነው፣ እሱ ቢያንስ ተዳፋቱንና የወንዙን ዳር ረባዳ ለይቶ ይይዛል፣ ከላይ የመጣው ውሃ ግርጌው ላይ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሙሉ መፍትሄ አይደለም ግን ከድሮው ይሻላል።

የእርሻ ካላንደሩንም እንዳትረሱት። ሞዴሉ ዝም ካልከው አንድ ሰብል ዘርቶ አንዴ ያጭዳል። እኛ ጋ በልግ አለ እኮ። ወሎ ላይ የካቲት መጋቢት ዘንቦ ገበሬው በልግ ይዘራል፣ ሰኔ አካባቢ ያነሳል፣ እንደገና ያርሳል። ጤፍ ሚዘራበት መሬት ደሞ ደጋግሞ ታርሶ ልሞ እንደ ዱቄት ሆኖ ሀምሌ ላይ ነው ሚዘራው፣ ማለትም ዝናቡ በጣም በሚከፋበት ሰአት መሬቱ ራቁቱን ነው። ይሄን በትክክል ስታስገባ ቀዩ ቀለም ቦታ ይቀይራል፣ ቁልቁለት ላይ ካለ ገብስ ይልቅ ለስለስ ያለ ተዳፋት ላይ ያለ ጤፍ ብሶ ሚወጣበት ቦታ አለ። ይሄን መረጃ ከኢንተርኔት አታገኙትም፣ ልማት ጣቢያ ሄዳችሁ ቡና ጠጥታችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከተማው። ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ኮምቦልቻ ሰው ስለ ወንዝ ብክለት ስታወራው ደለል አይመጣለትም፣ ለዮሌ ነው ሚመጣለት፣ ወርቃ ነው ሚመጣለት፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ልክ ነው። እነዚ ጅረቶች ከተማውን አቋርጠው ቦርከና ውስጥ ይገባሉ፣ ቦርከና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፣ እዛ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣበታል፣ ከዛ አዋሽ ነው። እና ስዋትን እንዳለ ካስሮጣችሁት ለዮሌ ምን ሆና ትወጣለች? አረንጓዴ። ንፁህ! ምክንያቱም ሞዴሉ በቱቦ ሚገባ ፍሳሽን ራሱ አያውቅም፣ በየቀኑ ወይ በየወሩ ስንት እንደሚለቀቅ አንተ በፋይል ካላስገባህለት ዜሮ ነው ብሎ ይወስዳል። ያ ፋይል ደሞ ከየት ይመጣል? ጠይቄ ነበር፣ የት ቦታ እንደሆነ አልናገርም፣ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ ደብዳቤ አመጣሁ፣ ሀላፊው መስክ ናቸው ተባልኩ፣ በቃ እዛው ላይ ቀረ። ፋይሉን ብታገኙ እንኳን ከቆዳና ከብረት ስራ ለሚመጡ እንደ ክሮሚየም ላሉ ነገሮች ስዋት ብዙም አይረባም፣ የሱ ጨዋታ ደለል፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ ነው። ስለዚ ማንም ሰው የስዋት ካርታ ይዞ መጥቶ "ችግሩ ገበሬው ነው፣ ፋብሪካው ምንም የለበትም" ካላችሁ የነጥብ ምንጭ (በቱቦ ሚገባውን ፍሳሽ) ፋይሉን አሳየኝ በሉት።

እዚ ጋ አንድ ነገር ላስገባ፣ ሰው ሁሌ ሚምታታበት። የብክለቱ ብዛትና የውሃው ጥራት ይለያያሉ። ክረምት ላይ ቦርከና ቀይ ሆኖ ሲሞላ በቶን ካሰላኸው ያመቱን ፎስፈረስ አብዛኛውን ሚወስደው ያኔ ነው፣ ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ነው ሚጓዘውና። በጋ ላይ ደሞ ከታህሳስ ጀምሮ ወንዙ ቀጥኖ ሲቀር ከተማው ሚለቀው ፍሳሽና ሽንት ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ሚያቀጥነው ውሃ ስለሌለ ሽታው ይነሳል። ክረምት ላይ ጥፋተኛው ተራራው ነው፣ በጋ ላይ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ከታች ያለው ገበሬ ወንዙን ስቦ ሰላጣ ሚያጠጣው ደሞ በበጋ ነው። እና ሞዴሉን "የት ልስራ?" ከማለታችሁ በፊት የቱን ችግር ነው ልፈታ ሚለውን ወስኑ፣ አለዚያ ባመት ድምር ያወጣውን ካርታ ይዛችሁ የበጋውን ሽታ በእርከን ልታጠፉ ትነሳላችሁ። ሞዴሉ በወርም በቀንም ያወጣል፣ ያመቱን ብቻ አትዩ።

ሌላም አለ፣ እርከን ስትሰራ ውሃው ይሰርጋል፣ ደለሉና ፎስፈረሱ ይቀራል፣ ናይትሬት (አንዱ የናይትሮጅን መልክ) ግን በውሃ ሚሟሟ ስለሆነ አብሮ ይሰርጋል፣ ወደ ምንጭና ጉድጓድ ሊሄድ ይችላል። ስዋት ይሄን ለይቶ ያሳያል፣ ይሄን ሳይ ነው የወደድኩት።

ካሊብሬሽን። ይሄ ክፍል ላይ ብዙ ሰው ይቀራል። የወንዙን የተለካ ፍሰት ከሞዴሉ ጋር አስተያይተህ እስኪመሳሰል ቁጥሮቹን ማስተካከል ነው። ለድሮው ስሪት ስዋት ካፕ ሚባል ፕሮግራም አለ፣ ስዊዘርላንድ ያለው ካሪም አባስፑር የሰራው፣ መቶዎቹን ሙከራ ራሱ ይሮጥልሃል፣ ማታ ከፍተህ ትተኛለህ። መብራት ካልሄደ ማለት ነው። ከሄደ ጠዋት ተነስተህ ከመጀመሪያው፣ ስለዚ ባትሪው ሚይዝ ላፕቶፕ ይዛችሁ ግቡ። ውጤቱን ምትመዝንበት ናሽ ሰትክሊፍ ሚባል ቁጥር አለ፣ 1 ከሆነ ፍፁም ነው፣ 0 ከሆነ ሞዴልህና ዝም ብሎ አማካይ መውሰድ እኩል ናቸው፣ ከ0 በታች ከሆነ አማካዩ ይበልጥሃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሞሪያሲና ጓደኞቹ ባወጡት መስፈርት ወርሃዊ ፍሰት ከ0.5 በላይ ከሆነ ይሁን ይባላል። ሰው ሁሉ ሚጠቅሰው ይሄን ነው። ግን ያው መስፈርት ላይ የተፈቀደውን ስህተት ተመልከቱ፣ ለፍሰት 25% ወዲህ ወዲያ፣ ለደለል 55%፣ ለናይትሮጅንና ፎስፈረስ 70%! ማለትም ብዙ ልኬት ያላቸው ሀገሮች እንኳን ፎስፈረስ ላይ 70% ቢሳሳት ይሁን እያሉ ነው። እኛ ደሞ ከወንዙ በዓመት ጥቂት ናሙና ቢወሰድ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚ ሪፖርት ላይ "ይህ ንኡስ ተፋሰስ በሄክታር 38.47 ቶን" ብሎ ሚፅፍ ሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል፣ ያቺ ነጥብ 47 ከየት መጣች?

ቶኑን ተዉት፣ ተራውን ያዙ። ማን ከማን ይብሳል ሚለው ላይ ሞዴሉ ከቁጥሩ የበለጠ ይታመናል። ሁለት ሶስት ጊዜ ቁጥሮቹን ቀያይራችሁ አስሩጡት፣ ሁሌም ከላይ ሚወጡት ንኡስ ተፋሰሶች ላይ መጀመሪያ ስሩ። አንዴ አንደኛ ሆኖ ቁጥር ሲነካ አስረኛ ሚሆነውን አትመኑት።

ከሁሉ ሚጣፍጠው ክፍል ምን ቢሆንስ ሚለው ነው። እዚ ጋ እርከን ብሰራ፣ እዛ ጋ የሳር ድንበር ባደርግ፣ ይሄን ቁልቁለት ከእርሻ አውጥቼ ከከብት ንክኪ ብከልለው፣ እያልክ ትቀያይራለህ፣ ጉልበት ሳይወጣ፣ ማንም ሳይደክም። እኔ ዘመቻው እንዳለ ያንኑ ያህል እርከን ነው ያስቀመጥኩት፣ አንዴ በየቀበሌው እኩል አከፋፍዬ፣ አንዴ ደሞ ቀይ ያላቸው ላይ ብቻ ሰብስቤ፣ ልዩነቱ ዝም ሚባል አይደለም፣ ያው ጉልበት የተሻለ ደለል ያስቀራል። ይሄን አይቶ ሚከራከር ሀላፊ ካለ ምን እንደምለው አላውቅም። የሳር ድንበሩ ላይ ግን ሞዴሉ የዋህ ነው፣ አንዴ ከዘራህለት ሳሩ አመቱን ሙሉ እንደቆመ ነው ሚያስበው። ህዳር ላይ አዝመራው ሲነሳ ከብቱ ልቅ እንደሚለቀቅና ያቺን ደሾ ሳር ከነስሯ እንደሚግጣት ማን ይንገረው። የገበሬው ማሳ ጠባብ ስለሆነ ያቺን ድንበር ለመልቀቅ እንደሚሰስትም አያውቅም፣ አይፈረድበትም፣ ገበሬውም አይፈረድበትም።

ጊዜ ለሌላችሁ ሌላ አማራጭ፣ ኢንቬስት ሚባል ከስታንፎርድ አካባቢ የወጣ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለደለል ያመት ድምር ብቻ ነው ሚሰጠው፣ ቶሎ ይማሩታል። ወይ ደሞ የሁርኒን የተስተካከለ ቀመር ኪው ጂ አይ ኤስ ላይ በራስተር ካልኩሌተር ማስላት፣ የት ይጀመር ሚለውን ለማወቅ ለአንድ ወረዳ ይበቃል። ስዋትን ምመክረው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ለሚፈልግ፣ ወቅት ለሚለይ፣ ወይም ምን ቢሆንስ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ ከሆነ አትድከሙ።

አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ በቀጥታ ስዋት ፕላስ ግቡ፣ ማስተካከያው (ካሊብሬሽኑ) በስዋት ፕላስ ቱልቦክስ ይሰራል። 8 ጊጋ ራም ያለው ዊንዶውስ ይበቃል። ቦረቦሮቹን ለብቻ በስልክ ጂፒኤስ ምልክት እያደረጋችሁ ሰብስቡና ከሞዴሉ ካርታ ላይ ደርቧቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ቀይ ካለ ሂዱ። እኔ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በእጅ ያስተካከልኩትን የወንዝ መስመርና ባህር ዛፍ የለየሁበትን ፋይል ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ የጣቢያ ዝናቡን ግን አትጠይቁኝ፣ ፈርሜ ነው የወሰድኩት፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ አመልክቱ።